ፎርሙ ርካሽ ነው፣ ውዱ የሚያነበው ሰው ነው

ባለፈው ከአንድ ወዳጄ ጋር ስንጨቃጨቅ ያመሸንበትን ነገር ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። እሱ የሚለው፣ አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ስቴት የልጆች ክትባት የጎንዮሽ ጉዳት የሚመዘገብበት የራሱ ሲስተም ይኑረው፣ የፌደራሉን ማን ያምናል፣ ደሞስ ዌብሳይት ከፍቶ ፎርም መለጠፍ ስንት ብር ሊፈጅ ነው? እኔ ደሞ ያንን ፎርም በገዛ እጄ ሞልቼው ስለማውቅ ዝም ብዬ መስማት አልቻልኩም።

ልጄ ዓመት ሲሞላት የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላውን ክትባት ወሰደች። ስምንት ቀን ምንም የለም፣ እየሳቀች እየተጫወተች፣ በዘጠነኛው ቀን ማታ ትኩሳቷ ጣራ ነካና እጄ ላይ እንዳለች አይኗ ተገልብጦ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ያንን ሁለት ደቂቃ ግን ለጠላቴም አልመኝም። ኢመርጀንሲ ይዘናት በረርን። ዶክተሩ ተረጋግቶ፣ ይሄ ትኩሳት የሚያመጣው መንቀጥቀጥ ነው፣ ከዚህ ክትባት በኋላ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 ልጆች አንዱን ሊያጋጥመው ይችላል፣ ያስደነግጣል እንጂ ጣጣ ትቶ አይሄድም ብሎ አስረዳን። እውነትም ጠዋት ላይ ብስኩት እየጠየቀች ነበር።

እኔ ግን አለቀቀኝም፣ ሌሊቱን ቬርስ የሚባለው ላይ ገባሁ። ቬርስ ሲዲሲና (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያው መሥሪያ ቤት) ኤፍዲኤ (የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው) አብረው የሚያስተዳድሩት የሪፖርት ሲስተም ነው፣ ከ1990 ጀምሮ አለ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው)፣ ሐኪምም ወላጅም ማንም ሰው መሙላት ይችላል። ፎርሙ ክትባቱ የተሰጠበትን ቀንና ሰዓት ይጠይቃል፣ የትኛው እግር ላይ እንደተወጋች ይጠይቃል (ማን ያስታውሳል፣ ሁለቱም እግሯ ላይ ፕላስተር ነበር)፣ ከዛ ሎት ነምበር ይላል። ሎት ነምበር ማለት ክትባቱ ከየትኛው የምርት ዙር እንደመጣ የሚናገር ቁጥር ነው፣ አንድ ዙር ችግር ካለበት የሚያዘው በሱ ነው። ካርዷ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል፣ ግን መጨረሻው 3 ይሁን 8 እግዜር ይወቀው። 8 ብዬ ላክሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት ነርስ ደወለች። ሪፖርቱን አንብባዋለች፣ እኔ ያልጻፍኩትን ሁሉ ትጠይቃለች፣ ከዛ በፊት ጉንፋን ነበራት ወይ፣ ከቤተሰብ እንደዚህ የሚያደርገው ሰው አለ ወይ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ የሆስፒታሉን ፋይል ማየት እንችላለን ወይ። ሎት ነምበሩን ከክሊኒኩ አጣርታው መጥታለች፣ 3 ነው። ወደ ግማሽ ሰዓት አወራን።

ለወዳጄ ያልገባው ይህች ሴትዮ ነች። ገንዘቡን የምታስወጣው እሷ ነች እንጂ ዌብሳይቱማ ምን አላት። እስቲ በግርድፉ እናስላው፣ አንድ ስቴት በዓመት 1,000 ሪፖርት ደረሰው እንበል፣ 100ው ከበድ ያለ ይሁን፣ ለአንዱ ፋይል ማሳደድና መደወል 5 ሰዓት ብቻ ይፍጅ፣ 500 ሰዓት ነው፣ በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሰራ ሰው የሦስት ወር ስራ። ትንሽ ነው ካላችሁ እሺ ትንሽ ነው፣ ግን ይሄ መደወሉ ብቻ ነው። ምልክቱን በአንድ አይነት ቃል ኮድ የሚያደርግ ሰው አለ፣ ፋይሉን አይቶ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ ሐኪም አለ፣ ቁጥሩን የሚያይ የስታቲስቲክስ ባለሙያ አለ፣ የልጆች የጤና መረጃ ነውና የሚጠብቀው ሰው አለ፣ ሁሉም ደግሞ በየዓመቱ ደሞዝ ይፈልጋል። በጀት ሲጣበብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ደሞ እሱ ነው፣ ፎርሙ ግን ዌብሳይት ላይ እንደተለጠፈ ይቀራል። ያኔ ቁልፉ የጠፋ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ሆነ ማለት ነው፣ ሰው ይከትበታል፣ ማንም አይከፍተውም።

እሺ ገንዘቡ ተገኘ እንበል። ምን ይገዛል? እዚህ ላይ ነው ወዳጄን የያዝኩት። በ1998 ሮታሺልድ የሚባል የሮታቫይረስ ተቅማጥ ክትባት ወጣ። እስከ 1999 ሐምሌ ድረስ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶዝ ተሰጥቶ ቬርስ ላይ 15 ሪፖርት መጣ፣ ህጻናት ላይ አንጀት በራሱ ውስጥ እየተሰካ የሚዘጋበት ህመም። 15 ብቻ! ሲዲሲ በዛው ወር ክትባቱ ይቁም አለ፣ በጥቅምት ኩባንያው ከገበያ አወጣው፣ በኋላ ሲጣራ አደጋው ከ10,000 ልጅ አንድ አካባቢ ነው ተባለ። አሁን እነዛን 15 ሪፖርቶች ለ50 ስቴት አከፋፍሏቸው። አብዛኛው ስቴት አንድም አይደርሰው፣ የደረሰው አንድ ያያል፣ አንድ ደግሞ አጋጣሚ ነው ተብሎ ይታለፋል። ዋዮሚንግ ውስጥ በዓመት የሚወለዱት ልጆች ወደ 6,000 ናቸው፣ ከ10,000 አንዱን የሚነካ ነገር ብቻዋን እስክታየው ዓመታት ያልፋሉ። ካሊፎርኒያን የመሰለ ትልቅ ስቴት ይሞክረው ይሆናል። ሌላው ግን ከፍሎ የሚገዛው አይነ ስውርነት ነው፣ መረጃው አንድ ቦታ ሲጠራቀም እኮ ነው የሚያወራው።

ቬርስ ጻድቅ ነው እያልኩ አይደለም። የመጣለትን ሁሉ ይቀበላል፣ አንድ ሐኪም እኮ ሆን ብሎ ሊፈትነው የጉንፋን ክትባት ወደ ሀልክ ለወጠኝ፣ ያ አረንጓዴው ግዙፍ፣ ብሎ ሞልቶ ገብቶለታል፣ በኋላ ሰው ደውሎ ለምኖት ነው የተሰረዘው። ቀላሉ ነገር ደሞ፣ ሽፍታው ምናምኑ፣ አብዛኛው አይመዘገብም። እዚያ መመዝገቡም ክትባቱ አደረገው ማለት አይደለም፣ ከክትባቱ በኋላ ሆነ ማለት ነው። ይህቺን ልዩነት ለህዝብ ማስረዳት ራሷን የቻለች ወጪ ናት፣ ቁጥሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ አንዱ ስክሪንሻት አርጎ ይሄን ያህል ሰው ሞተ ብሎ በአምስት ደቂቃ ይለጥፋል፣ ለዛ መልስ ለማዘጋጀት ባለሙያ ሳምንት ይፈጅበታል።

ሌላ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ ቬርስ ላይ መሙላት ካሳ መጠየቅ አይደለም። ካሳው ሌላ ፕሮግራም ነው፣ ከእያንዳንዱ ዶዝ ላይ በሚከላከለው በሽታ ልክ 75 ሳንቲም ታክስ ይሰበሰብለታል፣ የልጄ ክትባት ሦስት በሽታ ስለሆነ 2.25 ዶላር። የጉዳት ጥያቄ ደግሞ የመጀመሪያው ምልክት ከታየ በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሪፖርት አርጌያለሁ ብሎ ተቀምጦ ጊዜው ያለፈበት ሰው ያሳዝነኛል፣ ስቴቶች ሌላ ፎርም ሲጨምሩ ደሞ ይሄ ግራ መጋባት በእጥፍ ነው የሚሆነው።

እኔ ብሆን የስቴቱን ብር የት እንደማደርገው አውቃለሁ። ለክሊኒኮች፣ ሎት ነምበሩ በስካነር እንዲገባ፣ ሐኪሞች ሪፖርት የሚያደርጉበት ጊዜ እንዲኖራቸው፣ ቀሪው ፋይል ለሚያሳድዱ ነርሶች። ሪፖርት የማይመልሰው ጥያቄ ደሞ የሚመለሰው ከህክምና መዝገብ ነው፣ ሲዲሲ ከሆስፒታል ድርጅቶች ጋር ሆኖ የተከተቡና ያልተከተቡ ልጆችን ፋይል የሚያወዳድርበት ሌላ ሲስተም አለ። ጉድፍ (ቺክንፖክስ) የተጨመረበት የአራት በአንድ ክትባት ለየብቻ ከመስጠት ይልቅ የትኩሳት መንቀጥቀጡን ወደ እጥፍ እንደሚያስጠጋ በ2008 ያሳየው እሱ ነው። ይሄ ውድ ነው፣ አልዋሽም፣ ግን ሪፖርት ብቻ የማይመልሰውን ይመልሳል።

ወዳጄ አልተረታም፣ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «ቢያንስ የራሳችን ይሆናል» አለኝ።

ባለፈው ወር ልጄ አራት ዓመት ሞላትና ሁለተኛውን ዙር ወሰደች። ነርሷ ያን ጊዜ ተንቀጥቅጣ እንደነበር ፋይሏ ላይ አይታ፣ የጉድፉን ለብቻ እናድርገው አለችኝ። ለየብቻ ሆነ፣ አለቀሰች፣ ስቲከር ተሰጣት። እኔ ካርዷን ተቀብዬ መጀመሪያ ያየሁት ሎት ነምበሩን ነው፣ በፕሪንት ነው የመጣው፣ ግን ለማንኛውም ፎቶ አነሳሁት።