መቼ ተፈታህ?

ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነኝ። የሥራ መውጫ ሰዓት ስለሆነ መንገዱ ተቆላልፏል፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ስልኩን ይነካካል። እኔም ቦርሳዬን ከፍቼ ካልሲዬን አወጣሁ። ያደረግሁትን አይደለም፣ እየሠራሁት ያለውን። የእጅ ሥራ ካልሲ በአምስት ቀጫጭን መርፌ ነው የሚሠራው። አራቱ ክሩን ይዘው ዙሪያውን ይቀመጣሉ፣ አምስተኛዋ ብቻ ትሠራለች። ልክ እንደኛ ቢሮ።

አጠገቤ ጋቢ የደረቡ አባት ተቀምጠዋል። እጄን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ስንት ጊዜ ቆየህ?»

ሹራብ ከጀመርክ ማለታቸው መሰለኝ። «ስምንት ወር» አልኳቸው።

«ተመስገን በል። ስምንት ወር ምን አላት። የወንድሜ ልጅ አራት ዓመት ነው የቆየው።»

«እሱማ ጎበዝ ወጥቶታላ!»

«ኧረ ምን ጎበዝ፣ ጥርሱ ረግፎ ወጣ እንጂ።»

ሹራብ ጥርስ እንደሚያረግፍ ሰምቼ አላውቅም። ግን ታላቅ ሰው ናቸው፣ አልተከራከርኩም። «እኔን ያስቸገረኝ ተረከዙ ነው» አልኩ ጨዋታ ለመቀየር።

እግሬን ቁልቁል አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ውስጥ እግር ላይ ነው የሚመቱት አይደል? ቃሊቲ ነበርክ ወይስ ዝዋይ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። «አባባ፣ እኔ ታስሬ አላውቅም!» ስል ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ፤ ታክሲው በሙሉ ዞረ።

«አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ» አሉኝ ጉልበቴን መታ መታ እያደረጉ። ረዳቱ ሒሳብ ሲል የእኔንም ከፈሉልኝ። እንቢ ብል ሊያለቅሱ ሆነ።

ክፋቱ ሒሳቡ መከፈሉ አይደለም። ክፋቱ የእኛ ፎቅ ጎረቤቴ የሚጣ እናት ከኋላ ወንበር መቀመጣቸው ነው።

እውነቱን ለመናገር ሰዎቹ ላይ አልፈርድም። በእኛ አገር ሹራብ የሚሠራ ወንድ የሚታወቀው የት ነው? እስረኛ ጠይቆ የሚያውቅ ሁሉ ያቺን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ኮፍያ ገዝቶ ተመልሷል። የሚያበሽቀኝ ግን ሌላ ነው። ሽሮ ሜዳ ብትሄዱ ሸማኔው ወንድ ነው። ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል፤ ከጥንት የነበረ ነው። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያ ሲወረውር የሚውለውን ሰው ማንም «መቼ ተፈታህ?» አይለውም። ያው ሰው ሁለት መርፌ ቢይዝ ግን ፋይል ይከፈትበታል።

ለነገሩ የእኔ ፋይል ቀድሞም ተከፍቶ ነበር። ባለፈው ክረምት መሥሪያ ቤቴ ለሦስት ወር ደብረ ብርሃን ላከኝ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ብርዱ ግን ሌላ አህጉር ነው። ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚያ መተከሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ ላይ፣ ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ላጤ ምን ይሠራል? አከራዬ የመንዝ ሰው ናቸው። መንዝ ደግሞ በግ ለሥጋው ብቻ አይፈለግም፤ ጸጉሩ ተፈትሎ ባና ይሆናል፣ በርኖስ ይሆናል። እሳቸው ማታ ማታ እንዝርታቸውን ሲያሾሩ እኔ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ አፈጣለሁ። አንድ ቀን ሰለቸኋቸውና አሮጌ ሹራብ ወረወሩልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሥራ ፈትተህ ከምታፈጥብኝ ክር ፍታልኝ።»

ይህችን «ፈታ» የምትባል ቃል ልብ በሉልኝ። ኋላ ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

የመጀመሪያውን ሳምንት ስፈታ ብቻ ከረምኩ። በሁለተኛው መርፌ አስያዙኝ። ልመለስ ሳምንት ሲቀረኝ ጸጉር ልስተካከል ገብቼ ግማሽ ጭንቅላቴ ላይ መብራት ጠፋ። ሰውየው የቀረውን በምላጭ ጨረሰው፤ እንዳይዥጎረጎር ብሎ የሠራውንም ላጨው። እንግዲህ ሦስት ወር ጠፍቶ፣ ከስቶ፣ ጭንቅላቱን ተላጭቶ፣ በፌስታል ልቃቂት ይዞ ኮንዶሚኒየም የገባን ሰው እናንተስ ምን ትሉታላችሁ?

የመጀመሪያ ሥራዬ ለእማዬ ለገና የሠራሁት ትከሻ ላይ ጣል የሚደረግ ባለ ሦስት ማዕዘን ሻርፕ ነበር። እንዲህ ያለው ሻርፕ ተንኮለኛ ነው። ከማጅራት በኩል በጥቂት የክር ቀለበት ይጀመራል፣ በየሁለት መስመሩ አራት አራት ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ አንዱን መስመር ሻይ ሳይቀዘቅዝ ትጨርሱታላችሁ። ወደ መጨረሻው መርፌው ላይ ያለው ቀለበት ከ300 ሲያልፍ አንድ መስመር አንድ ሙሉ የዜና እወጃ ይፈጃል። ጌጡ ደግሞ በቀዳዳ የሚሠራ ቅጠል ነው። ክሩን አንዴ በመርፌው ላይ ትጠመጥሙና ቀዳዳ ይሆናል፣ ቁጥሩ እንዳይዛባ አጠገቡ ሁለቱን አንድ ላይ ትይዛላችሁ። አንዷን የረሳችሁ እንደሆነ ቅጠሉ ሁሉ ጠጅ ቤት አምሽቶ እንደመጣ ሰው ወደ አንድ ጎን ያዘማል።

እኔ ረሳሁ። ደጋግሜ። በየጊዜው ደብረ ብርሃን እየደወልኩ ለአከራዬ አለቅስ ነበር። «እማማ፣ ሦስት ጊዜ ፈታኋት! ሁለት ወር ሙሉ ደክሜባት ስታበቃ መሃል ላይ ተበላሸችብኝ!» እላለሁ በረንዳዬ ላይ ቆሜ። የእኛ ሕንፃ በረንዳ ከጎረቤት የሚለየው በአንድ ብሎኬት ነው።

ጨርሼ አጥቤ፣ ቅርጹን እንዲይዝ እርጥቡን ፍራሽ ላይ ወጥሬ ዙሪያውን በስፒል ወጋሁት። ሲደርቅ ስፒሎቹን ቆጥሬ ነቀልኩ። አንዷን ስቆጥር ዘልያታለሁ፤ ሌሊት እሷ ራሷ አገኘችኝ።

እማዬ ስሰጣት እልል አለች። መርቃኝ፣ ስማኝ፣ ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃን አየችውና ጸጥ አለች። እዚያው አድሬ ጠዋት ስነሳ መነጽሯን አድርጋ፣ መርፌና ክር ይዛ፣ ዓይኗ ደም መስሎ አገኘኋት።

«ብል እንደበላው ለምን አትነግረኝም ልጄ? ምን ያሳፍራል? አይዞህ፣ አንድም ቀዳዳ አላስቀረሁም።»

አንድም አላስቀረችም። ቅጠሉን ሁሉ ደፍናዋለች። አሁን ሻርፑ ነፋስ አያስገባም፤ እሁድ እሁድ ከነጠላዋ ሥር ደርባው ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ጎረቤቶቿ ጥሩ ወፍራም ነው ይሏታል አሉ።

ካልሲው ላይ ብዙ አልቆይም። አንዱን በሰላም ጊዜ ሠራሁት። ሁለተኛውን የጀመርኩት ቡድኔ ሲጫወት ነው። የማን ደጋፊ እንደሆንኩ አልናገርም፤ «ዘንድሮስ የእኛ ነው» የምንለው ነን። ሰው ሲጨነቅ ክሩን እንደሚያጠብቅ ያኔ አላወቅኩም። ቀለበቱም መስመሩም እኩል ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። አንዱ ለእኔ ልክ ነው። ሌላው ለሚጣ።

ወደ ቤት ጫማው ልምጣ፣ ምክንያቱም ያስከሰሰኝ እሱ ነው።

ዘዴውን ያስተማሩኝ እማማ ናቸው። ጫማውን ከእግርህ በጣም አስፍተህ ከሱፍ ትሠራለህ፣ ከዚያ በፈላ ውሃና በሳሙና ታሸዋለህ፤ ይኮማተርና እንደ ባና ጥቅጥቅ ይላል። የበግ ጸጉር ቀርቦ ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነገር አለው፤ ሙቀትና እሽታ ሲያገኝ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዝና ዳግም አይላቀቅም። ሱፍ ሹራባችሁን ሠራተኛ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራባችሁ አልቅሳችሁ የምታውቁ ይህን ነገር ታውቁታላችሁ። እኔ ያንን ጥፋት ሆን ብዬ ላደርገው ነው።

ቀኙን ከደብረ ብርሃን ባመጣሁት ክር ሠራሁት። ክሩ አለቀ። ለግራው መርካቶ ሄጄ ቀለሙ የሚመሳሰል አገኘሁ። «ሱፍ ነው?» አልኩት ነጋዴውን። «የሱፍ ሱፍ!» አለኝ። አመንኩት። እንደ እማማ ክር አይበላም፣ ሲነካ ይለሰልሳል፤ የተሻለ መስሎኝ እንዲያውም ደስ አለኝ።

ውሃ በእኛ ሰፈር በፈረቃ ናት፤ ስትመጣም ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። ድስት ሙሉ አፍልቼ ሳፋ ላይ ገለበጥኩና ሁለቱን ታንኳዎች ከተትኳቸው። በእጅ እንዳላሽ ያቃጥላል። ዘነዘናዬን አነሳሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል ወቀጥኩ። በሌሊት፣ በሦስተኛ ፎቅ፣ እያለከለክሁ።

ጠዋት በረንዳ ላይ ሆኜ ደወልኩ።

«እማማ፣ ሁለቱንም ፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኳቸው! አንዷ ወዲያው ተኮማትራ ቀረች። ሁለተኛዋ ግን ብወቅጣት ብወቅጣት እምቢ አለች!»

«ከእኔ ዘንድ የሄደችው ናት?»

«ኧረ አይደለችም፣ ከመርካቶ ያመጣኋት ናት።»

«በል አቃጥላት።»

«ላቃጥላት?» ብዬ ጮህኩ።

«ጫፏን ብቻ። የበግ ከሆነች ጸጉር ጸጉር ትሸታለች፣ አመዷም ሲነኩት ይበናል። ካልሆነች ትቀልጣለች።»

ክብሪት ጫርኩ። እንደ ፌስታል ቀለጠችና ጫፏ ላይ ጥቁር ጠጣር ዶቃ ሠራች። አክሪሊክ። የሱፍ ሱፍ የተባለችው ፕላስቲክ ናት፤ እስከ ፋሲካ ብወቅጣትም አትኮማተርም። ስለዚህ ቀኜ ልክ 41 ቁጥር ሆነልኝ፣ ግራዬ ጣና ላይ ሰው ያሻግራል።

በዚያው ቀን ማታ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሰባት ሰው። የሚጣ እናት ጀበና ይዘዋል፣ ሚጣ ስኒ፣ አንዷ ጎረቤት ድፎ ዳቦ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የጥበቃው ልጅ፣ ከፊት ደግሞ የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሼ በጋቢና በከዘራ። ገብተው ተቀመጡ። ማንም አይናገርም። ጋሼ ልክ እንደ ዕድር ስብሰባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንደኛ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ። ሰው ሆኖ የማይታሰር የለም፣ ልትደብቀን አይገባም ነበር። ሁለተኛ፣ ሦስት ጊዜ ፈታሁ ያልካት ሚስት ማን ናት? ሠርግህን አልበላንም። ሦስተኛ…» እዚህ ላይ ድምፃቸው ወረደ። «ሌሊት ፈላ ውሃ ውስጥ የከተትካቸው ሁለት ሴቶች በሕይወት አሉ?»

የጥበቃው ልጅ ከወንበሩ ተነስቶ በሩ ጋ ቆመ።

ምን እላለሁ? ገብቼ ጫማዎቹን አመጣሁ። ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ቀጥሎ ሚጣ ሁለት እግሮቿን ግራው ጫማ ውስጥ ከትታ ቆመችና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንደኛው ሽማግሌ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። የሚጣ እናት ብቻ ትንሽ ቅር እንዳላቸው ያስታውቅ ነበር። ድፎው ተቆረሰ፣ ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ፣ ትንሿን ካልሲ ሚጣ ልትወስድ ስትል ግን እናቷ «አንዷን ብቻ ምን ታደርጊያታለሽ» ብለው አስጣሏት። ሁሉም እየሳቀ ወጣ።

ጋሼ ግን ቀሩ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ካልሲዎቹን ከጠረጴዛው አነሱ። ትልቁን ገልብጠው ውስጡን አዩት።

«ተረከዙን እዚህ ጋ አበላሽተኸዋል» አሉኝ። «መርፌ አምጣ።»

እነዚያ ለዕድር መዝገብ ብቻ የተፈጠሩ የሚመስሉኝ ወፋፍራም ጣቶች ምን እንደሆኑ እንጃ። ወደ ታች ሳያዩ፣ እኔን እያናገሩ፣ ሳምንት ሙሉ የታገልኩትን ተረከዝ ፈትተው፣ ቀለበቱን ለቅመው፣ አዙረው ሲመልሱልኝ ቡናዬ አልቀዘቀዘም።

«ጋሼ፣ የት ተማሩት?»

«ዓለም በቃኝ። አሁን የአፍሪካ ኅብረት ፎቅ የቆመበት።» ከአፍታ በኋላ «በደርግ ጊዜ። ሦስት ዓመት» አሉ። «መርፌ ስላልነበረን የብስክሌት ሽቦ እየሳልን ነበር።»

ሌላ አልጨመሩም፣ እኔም አልጠየቅሁም። (ይህን የምጽፈው አስፈቅጃቸው ነው። «ተረከዙን ማን እንዳስተካከለው ካልጻፍክ ነው የምቀየምህ» ብለውኛል።)

ከዚያ ትንሿን ካልሲ አነሱ። ወጠሯት፣ ለቀቋት፣ እንደገና ወጠሯት። ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ጆሯቸው ይከብዳቸዋልና ሲናገሩ ድምፃቸው ኮሪደሩን ይሞላል።

«ይቺን ግን ፍታት ልጄ። ጠብባለች፣ ለአንተ አትሆንም። እኔም በጊዜዬ ስንቷን ፈትቻለሁ። ዛሬውኑ ፍታትና ሌላ ጀምር!»

ቀና ስል በሩ ተከፍቷል። የሚጣ እናት የረሱትን ጀበና ሊወስዱ ተመልሰው፣ አንድ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

«ጋሼ!» አሉ። «እርስዎም?»