የሜቶዲስት ሰርኪት፦ መጋቢው የማን ነው?

እንግሊዝ አገር የአምልኮ አዳራሽ የሚፈልግ የሐበሻ ኅብረት የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ሲያገኝ በመጀመሪያ የሚያናግረው መጋቢውን ነው። መጋቢው ግን ብቻውን "እሺ" ማለት አይችልም። አዳራሹን የሚያስተዳድረው የአጥቢያው ምክር ቤት ነው። መጋቢውም ቢሆን የተመደበው ለሰርኪቱ፣ ማለትም በአካባቢው ላሉ አጥቢያዎች ስብስብ፣ እንጂ ለዚያች አጥቢያ ብቻ አይደለም።

ሰርኪት ማለት ዙር ነው። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች ጆን ዌስሊ ሰባኪዎቹን በፈረስ ከከተማ ከተማ ያዞር ስለነበር፣ ከ1746 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገሩ በእነዚህ ዙሮች ተከፈለ። ዲስትሪክት የመጣው በ1791 ነው፤ ሁሉን በእጁ ይዞ የነበረው ዌስሊ በዚያ ዓመት ሲሞት ሰርኪቶቹን የሚያሰባስብ ሌላ እርከን አስፈለገ። እዚህ ላይ "ሲኖዶስ" የሚለው ቃል ያምታታል። በመካነ ኢየሱስ ሲኖዶስ የአካባቢው መዋቅር ስም ነው፤ በኦርቶዶክስ የጳጳሳት ጉባኤ ነው። በብሪታንያ ሜቶዲስቶች ዘንድ ግን የዲስትሪክቱ ስብሰባ ነው፤ ምዕመናንም ድምፅ ይሰጡበታል። ጳጳስ የላቸውም፤ ዲስትሪክቱን የሚመራው "ቼር" ይባላል።

አሠራሩ ወለል ብሎ የሚታየው "ፕላን" በሚሉት ሰንጠረዥ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሦስት ወር ነው፦ በአንድ በኩል አጥቢያዎቹ፣ በሌላው እሑዶቹ፣ በመገናኛቸው የሰባኪው ስም። የሚያወጣው የሰርኪቱ ሱፐርኢንቴንደንት (ሰርኪቱን የሚመራው መጋቢ) ነው። አስቀድሞ ሁሉም ሰባኪ የማይመቸውን እሑድ ያሳውቃል። ከዚያ መጀመሪያ የጌታ እራት ያለባቸው ሳጥኖች ይሞላሉ፤ ልዩ ፈቃድ ከተሰጠው ሰው በቀር ማዕዱን የሚመራው የተሾመ መጋቢ ነውና። ቀሪውን ደመወዝ የማይከፈላቸው የአጥቢያ ሰባኪዎች ይሸፍናሉ። ሰው ሲጠፋ "በአጥቢያው ይዘጋጅ" ተብሎ ይታለፋል። አንድ መጋቢ አራት አምስት አጥቢያ ይዞ ሁሉም ጠዋት ላይ ካመለኩ ፕላኑ አይገጥምም፤ ሰዓት ማዛወር ደግሞ ከሰባኪ ማግኘት ይበልጥ ይከብዳል።

ገንዘቡም በዚያው መንገድ ይሄዳል። እያንዳንዱ አጥቢያ ለሰርኪቱ ድርሻውን ይከፍላል፤ ከዚያ ላይ የመጋቢዎቹ አበል፣ የመኖሪያ ቤታቸው ወጪ፣ የዲስትሪክቱና የማዕከሉ መዋጮ ይወጣል። አንድ አጥቢያ ሲዘጋ ወጪው አብሮት አይዘጋም፤ በቀሩት ላይ ይከፋፈላል። ሰርኪቶች እየተዋሃዱ የሚገዝፉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መጋቢ ሲጋበዝ የመጀመሪያው ግብዣ ለ5 ዓመት ነው፤ ምደባውን የሚያጸድቀው የቤተ ክርስቲያኒቱ ከፍተኛ ጉባኤ የሆነው ዓመታዊው ኮንፈረንስ ሲሆን ሥራው ሴፕቴምበር 1 ይጀምራል። ስለዚህ ከመጋቢ ጋር በቃል የተስማማ ኅብረት አዲስ ሰው ሲመጣ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

እናም ጥያቄው በጽሑፍ ለምክር ቤቱ ይግባ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የሰው ብዛት፣ የልጆች ጥበቃ መመሪያ፣ ኢንሹራንስ። በሰዓት ለመጠቀም ፈቃድ ሲጠየቅ ነገሩ ቀላል ነው። "ሊዝ" ከተባለ ግን ከአጥቢያው በላይ ያሉት አካላትም ይገቡበታል፤ ያን ጊዜ ይጓተታል። አልኮል ደግሞ በተለመደው የሜቶዲስት አዳራሽ ውስጥ አይፈቀድም፤ ጠላና ጠጅም ከዚያ አያመልጡም። ሰርጉን በጠጅ የሚደግስ ሌላ አዳራሽ ይያዝ።