ክፍላችን ድምፅ ቢሰጥ

ዛሬ ደግሞ ያ ስሜት መጣብኝ። ምንም ሳይጎድል የሚከፋኝ ነገር። ለነፃ ትምህርት ዕድል ያስገባሁት ማመልከቻ የመጀመሪያውን ማጣሪያ አልፏል። ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። ሰው ሁሉ "እንኳን ደስ አለሽ" ይላል። እኔ ግን ከራሴ ጋር ተኳርፌ ነው የዋልኩት።

ጥፋተኛው አንድ ጥያቄ ነው። "ስለ ራስሽ ንገሪን።" ማሟሟቂያ ናት ይላሉ የሚያውቁት። እንዳትጨነቂ ብለው ነው የሚያስቀድሟት ይላሉ። እኔን ደርቄ እንድቀር የምታደርገኝ ግን እሷው ነች።

ትንሿ እህቴ "ጠያቂ ልሁንልሽ" ብላ የአባባን መነጽር አጠለቀች። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ባዶ ወረቀት አገላበጠች። "እስቲ ስለ ራስዎ ይንገሩን" አለችኝ፣ አንቱ ብላ። ጀመርኩ። "ለትምህርት ልዩ ፍቅር ያለኝ፣ ኃላፊነት መውሰድ የምወድ፣ ከሰው ጋር ተባብሬ መሥራት የምችል..." መነጽሩን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ ከላዩ አየችኝ። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይቺን ልጅ አላውቃትም" አለች።

ሳቅን። እሷ ስቃ ወጣላት። የእኔ ሳቅ መሀል ላይ ቆመ።

ዝግጅት አልጎደለኝም። ትናንሽ ካርዶች ቆራርጬ ምሳሌዎቼን ጽፌያለሁ። ችግር የፈታሁበት። ያልተሳካልኝ። ከሰው ጋር ያልተስማማሁበት። እያንዳንዱ በአራት ተከፍሏል፦ ሁኔታው፣ ኃላፊነቴ፣ ያደረግሁት፣ ውጤቱ። ጥሩ ዘዴ ነው፣ አላማውም። "ታታሪ ነኝ" ብሎ ከመደረቅ አንድ ቀን የሠሩትን መናገር ይሻላል። ጠያቂዎቹም ሁሉንም ተወዳዳሪ ተመሳሳይ ጥያቄ ጠይቀው በተመሳሳይ መስፈርት ነጥብ የሚሰጡ ከሆነ፣ የሚመዝኑት ተጨባጭ ነገር ያስፈልጋቸዋል። በቃል አታጥኚው፣ ነጥቦቹን ብቻ ያዢ ብለውኛል። ይዣለሁ።

ችግሩ ካርዶቹን አከታትዬ ሳነባቸው ነው። እዚያ ላይ ያለችው ልጅ ታደክማለች። ሁልጊዜ ቀድማ ታያለች፣ ሁልጊዜ ታስተባብራለች። ሲከሽፍባት እንኳን ትምህርት ወስዳበት ነው የምትወጣው። ጎረቤቴ ብትሆን ስታንኳኳ የለሁም እል ነበር።

ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤው አለ። የፊዚክስ አስተማሪያችን የጻፉልኝ። በቀጥታ ለኮሚቴው ነው የሄደው፣ እኔ አላየሁትም። ያ ማለት እዚያ ክፍል ስገባ የማያውቁኝ ሰዎች እጅ ላይ ስለ እኔ እኔ የማላውቀው ገጽ አለ። አስተማሪያችን ደግሞ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። "ጎበዝ ተማሪ ናት" ብለው ፈርመው ይሆናል። ከሳቸው ይሄ ትልቅ ሙገሳ ነው፤ ግን ኮሚቴው ይህን በምን ያውቃል?

ለፍርሃቱስ መድኃኒት አግኝቻለሁ። ቶማስ ጊሎቪች የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ ሰው ውስጡ ያለው ስሜት በውጭ የሚታይበትን ያህል አጋንኖ እንደሚገምት አሳይተዋል። ልቤ ሲደልቅ ሁሉም የሚሰማ ይመስለኛል እንጂ አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይህን አስቀድሞ የተነገራቸው ተናጋሪዎች ንግግራቸው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ደስ አለኝ። ደስታው የቆየው ቀጣዩ ሐሳብ እስኪመጣ ነው፤ ውስጤ እንደዚህ የማይታይ ከሆነ ታዲያ ምኔን አይተው ነው የሚመርጡኝ?

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እነዚህ የትምህርት ዕድሎች ከየት እንደጀመሩ ማንበብ ያዝኩ። ለቃለ መጠይቁ ይጠቅመኛል ብዬ ነው (አይጠቅመኝም)። ሮድስ ስኮላርሺፕ ጋ ደረስኩ። ሴሲል ሮድስ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሞት ሀብቱን በኑዛዜ ለኦክስፎርድ ተማሪዎች ወጪ ተወ። ኑዛዜው የአመራረጡን ነገር አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ትምህርቱ በፈተና ይለካ ይላል። የመሪነት ዝንባሌውን የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ይመዝን ይላል። ስፖርቱንና ጠባዩን ግን፣ ማለትም እውነተኛነቱን፣ ድፍረቱን፣ ደግነቱን፣ ለደካማ ማዘኑን፣ የክፍል ጓደኞቹ ድምፅ ይስጡበት ይላል።

የክፍል ጓደኞቹ! ተነስቼ ተቀመጥኩ።

ሰውየው ማን እንደሆነ ረስቼ አይደለም። በቅኝ ገዢነት የኖረ፣ ጥቁሮች በሚቆፍሩት አልማዝ የከበረ ሰው ስለ ደግነት ድምፅ ይሰጥ ማለቱ ራሱ ጉድ ነው። "ጓደኞቹ" የምለውም ወንድ ብቻ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሴት ሮድስ ተማሪዎች ኦክስፎርድ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በሱ ዘመን እኔ ለቆጠራም አልበቃ። ምርጫውም ቢሆን ዛሬ በኮሚቴና በቃለ መጠይቅ ነው። ይህን ሁሉ አውቄ ግን ሐሳቧ አለቀቀችኝም። ክፍላችን ድምፅ ቢሰጥስ?

መቁጠር ጀመርኩ። ከፊት ወንበር ተነስቼ በየረድፉ። በስፖርት በኩል ነገሩ ያለቀ ነው፤ ኳስ ሲመጣ ጎንበስ የምል ሰው ማንም አይመርጠኝም። ደግነት ላይ ደረስኩ። የፊቶቹ ማስታወሻዬን ስለሚዋሱኝ ይመርጡኝ ይሆናል። ግን ማስታወሻ ማዋስ ደግነት ነው ወይስ ጽሑፌ እንዲታይልኝ? ያ ከኋላ የሚቀመጠው ቀልደኛ፣ የምታውቁት፣ ሁሉንም ዘርፍ ጠራርጎ ይወስድ ነበር። ለደግነትም፣ ለድፍረትም፣ ለእውነትም። እውነት ተናግሮ ባያውቅም።

እኔስ ማንን ነው የምመርጠው? ይሄኛው አላስቸገረኝም። የመስኮቷን ልጅ ነው።

ትምህርት ከተጀመረ በኋላ አንዲት አዲስ ልጅ መጣችብን። በሩ ላይ ቆማ ወንበር ስትፈልግ ሁላችንም ድንገት ደብተራችን ውስጥ የሚነበብ ነገር አገኘን። የመስኮቷ ልጅ ቀና እንኳን ሳትል ቦርሳዋን ከጎኗ አንስታ መሬት አስቀመጠች። መጽሐፏን ወደ ጠረጴዛው መሀል ገፋ አደረገች። በቃ። ልጅቷ ሄዳ ተቀመጠች። መጽሐፉም ዓመቱን ሙሉ ከመሀል አልተመለሰም።

አሁን ይህን በካርድ ጻፉት እስቲ። ሁኔታው፦ አንዲት ልጅ ቆማለች። ኃላፊነቴ፦ የለም። ያደረግሁት፦ ቦርሳ አነሳሁ። ውጤቱ፦ ተቀመጠች። ተነግሮ ለማለቅ ደቂቃ አይፈጅም። ጠያቂዎቹ በትሕትና "ሌላ ምሳሌ ካለዎት?" ነው የሚሏት። እሷ ደግሞ የላትም። ያላት እንደዚህ ያለ ብቻ ነው፣ ብዙም አለ፣ አንዱንም ግን አታስታውሰውም።

እንድታመለክት ነግሬያት ነበር። ውጤቷ ከእኔ አያንስም። "እኔ ምን ብዬ?" አለች። ያኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ከልቧ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። ምን ብላ?

ታዲያ ድምፁ ይሻላል ማለቴ ነው? እንጃ። ድምፅ ቢሆን እሷም አትመረጥም። የሚመረጠው ቀልደኛው ነው። ክፍል ማለት ቂም አለው፣ ቡድን አለው፣ "ባለፈው ሳታሳየኝ" አለው። ጠያቂዎቹ ከእኔ ጋር አልተጣሉም፣ አልተወዳጁም። ባዶ ወረቀት ይዘው ነው የሚጠብቁኝ። በበኩሌ፣ ከሚያውቁኝ ይልቅ በማያውቁኝ ብዳኝ እመርጣለሁ። ይህን ጽፌ ሳነበው ግን ደስ አላለኝም። የማያውቁኝን የመረጥኩት ፍትሐዊ ስለሆኑ ነው ወይስ ካርዶቼን ስለሚያምኑኝ?

ሰዓቱ ሄዷል፣ "ይህን ዩኒቨርሲቲ ለምን መረጥሽ" የሚለውን ገና አልነካሁትም። ነገሩን ልቋጭ ብዬ ለመስኮቷ ልጅ መልእክት ላክሁላት። "ክፍላችን ድምፅ ቢሰጥ ማንን ትመርጫለሽ?"

"ለምኑ?" አለች።

"ለደግነት። ለእውነት። ለድፍረት።"

እየጻፈች ነው ይለኛል። ይጠፋል። ደግሞ እየጻፈች ነው። ይጠፋል። እኔ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ እንደ ምርጫ ቦርድ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ መጣ።

"አመመሽ እንዴ? ቃለ መጠይቁ ነገ አይደል? ተኚ በቃ!"

ጥያቄዬን አልመለሰችም፤ በጤናዬ አሳብባ እልም። እኔ ይህን ሁሉ ካርድ ቆራርጬ እንደሷ ማምለጥ አልቻልኩበትም።