ፋይላችን ሕግ ክፍል ነው

ዛሬ እሁድ ነው። ባንክ ዝግ ነው። ስነቃ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንን ነው፤ ቀለልም አለኝ። ዛሬ ማንም «ሰኞ ደውዪ» አይለኝም። ስልኬንም እያነሳሁ አላስቀምጥም። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ የታቦር ተራራ አናት ጭጋግ ለብሷል። ልጆቹ አልተነሱም። ሐዋሳ እንዲህ ስትሆን ደስ ትላለች። ግን ሰው ባንክ በመዘጋቱ እፎይ ሲል ምን ያህል እንደደከመው ያኔ ይገባዋል።

ጉዳዩ ይህ ነው፤ እኔና ባሌ የእትዬን ቤት በባንክ ብድር ልንገዛ ነው። እትዬ የምላቸው ሻጯን ነው። ብድሩ ከተፈቀደ ቆይቷል። የባንኩ መሐንዲስም ቤቱን ገምቶ ሄዷል። ግምቱ ከተስማማንበት ዋጋ ዝቅ ብሎ ስለመጣ ልዩነቱን ከዕቁብም፣ ከእህቴም፣ ከዚህም ከዚያም ብለን ሞልተናል። የቀረው ሕግ ክፍል ብቻ ነው። ፋሲካ ሰሞን «በዓሉ ይለፍ እንጂ ያልቃል» ተብለን ነበር። ይኸው ክረምቱ ገባ። ስንጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ፋይላችሁ ሕግ ክፍል ነው፣ ሂደት ላይ ነው»።

ነገረ ፈጇን አግኝቻታለሁ። ወጣት ልጅ ናት፣ ትሁት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ የተከመረው ፋይል አሳዝኖኛል። የምታነሳው ጥያቄም ልክ ነው። ካርታው የእትዬ ሟች ባለቤት ስም ላይ ስለሆነ የወራሽነት ማስረጃ ጠየቀች። ፍርድ ቤት የሰጠው አለ፤ አቀረብን። ከዚያ ዝም። ቆይቶ ደግሞ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ተባለ። አቀረብን። ዝም። በኋላ «ደብዳቤው ቆይቷል፣ አዲስ ይምጣ» ተባለ። የቆየው እኮ እነሱ ጋ ተቀምጦ ነው! አዲስ አመጣን።

ከዚያ የውክልናው ነገር መጣ። አሜሪካ ያለው የእትዬ ልጅ ለእናቱ ውክልና ልኳል። ኤምባሲ ያረጋገጠው፣ የውጭ ጉዳይ ማህተም ያረፈበት ነው። ሁላችንም ያንን ማህተም አይተን ደስ ብሎን ነበር። ወረቀቱ ግን «ንብረቴን ታስተዳድርልኝ» ይላል እንጂ «ትሽጥልኝ» አይልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ቁጥሩን አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ። ልጁም እዚያ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ፣ ቀጠሮ ይዞ፣ እንደገና ኤምባሲ ሄደ።

ልጅቷ ተሳስታለች አልልም። የሚያመኝ ሌላ ነው። ያ ውክልና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፋይሉ ውስጥ ነበረ። አንድ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ተቀምጦ ከላይ እስከ ታች ቢያነበውና «ይኼ፣ ይኼና ይኼ ይጎድላችኋል» ቢለን ሁሉንም አንድ ላይ እናሟላ ነበር። ኤምባሲውም፣ ማዘጋጃውም፣ ፍርድ ቤቱም በአንድ ዙር ያልቁ ነበር። አንዱን ስንጨርስ ሌላው ይወጣል። በመሃል ያለው ጊዜ ደግሞ ዝምታ ነው። አይ ብለው ቢመልሱን እንኳ እናውቀው ነበር።

ጥንቃቄውን አልጠላም፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ተበዳሪው ካልከፈለ ባንኩ የሰላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ያን ቀን ወረቀቱ ላይ ቀዳዳ ከተገኘ ጣጣው የባንኩ ነው። የእኔም ነው። ዛሬ ያልታየ ወራሽ ከዓመታት በኋላ «ድርሻዬ» ብሎ ቢመጣ የምከሰሰው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያቺ ልጅ ስትጠነቀቅ ለእኔም ነው የምትጠነቀቀው። ግን ጥንቃቄ ስልክ ማንሳትን አይከለክልም። «እስከ ሐሙስ አይቼ እነግርሻለሁ» ማለትን አይከለክልም።

ፍርሃትም አለኝ። የፈቃድ ደብዳቤያችን የጊዜ ገደብ አለው። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ የገደበበትን ጊዜ አልረሳሁትም። በኋላ 18 ተደረገ። ያኔ የተፈቀደለት ብድር ሳይለቀቅለት የቀረ ጎረቤት ነበረን። ወረቀቱን እስከ ዛሬ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦታል። የእኛም እንደዚያ ይሆን እላለሁ፣ ማታ ማታ።

ረቡዕ እትዬ ጋ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ የምነግራቸው አዲስ ነገር አልነበረኝም። ቤቱ ተሸክፏል። መጋረጃው ወርዷል። ሶፋው ተሽጧል። ልብሱ፣ ድስቱ፣ መጽሐፉ በማዳበሪያ ሆኖ አፉ በሲባጎ ታስሯል። አንድ ወንበር ቀርታለች፤ እሷን ለእኔ ሰጥተው እሳቸው የታሰረ ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። እምቢ ብልም አልሰሙኝም። ከዚያ አንድ ካርቶን ከፍተው ሲኒዎቹን ከጋዜጣ እየፈቱ አወጡ። ቡና አፈሉ። እስከ በረካ ጠጣን። ስንጨርስ ሲኒዎቹን አጠቡ፣ በጨርቅ አደረቁ፣ አንድ በአንድ በዚያው ጋዜጣ መልሰው ጠቀለሏቸው። ጋዜጣው ከመታጠፍ ብዛት ለስልሷል።

«በየቀኑ እንዲህ ነው የማደርገው» አሉኝ። «ነገ ኑ ቢሉኝስ ብዬ።»

ዲላ ያለችው ልጃቸው ክፍል አዘጋጅታ እየጠበቀቻቸው ነው። ፋሲካን እዚያ አሳልፋለሁ ብለው ነበር።

ሲሸኙኝ በር ላይ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ስሙ ሳይዞር ባንኩ አይከፍልም ይላሉ። ብሩን ሳልይዝ ስሙን አዙሬልሽ፣ ከዚያ እነሱ አንከፍልም ቢሉስ?» ባንኩ አስቀድሞ ደብዳቤ እንደሚጽፍላቸው ነገርኳቸው። ስሙ ዞሮ የመያዣ ውሉ ሲመዘገብ ገንዘቡን ለእርስዎ ገቢ አደርጋለሁ የሚል ደብዳቤ ነው። «ደብዳቤውን ማን ነው የሚጽፈው?» አሉኝ። ሕግ ክፍል አልኳቸው። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

መጀመሪያ ቤቱን ልናይ የሄድን ቀን እንዲህ አልነበርንም። አቮካዶ ከዛፉ አስለቅመው በፌስታል ሞልተው ሰጥተውን ነበር። ልጆቼን ስማቸውን እየጠሩ ያጫውቷቸው ነበር። አሁን ስደውልላቸው ድምፃቸው ይለወጣል። «አቤት» የሚሉት ለባንክ ሠራተኛ እንደሚሉት ነው። ብሩ በእርግጥ አላቸው ወይ ብለው የሚጠራጠሩ ይመስለኛል። እኔም አንዳንዴ ሌላ ገዢ አግኝተው ይሆን እላለሁ። ሁለታችንም ምንም አላደረግንም። በመሃላችን የገባው አንድ ያልተነበበ ፋይል ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ፋይሉን ወደ ጎን የምታደርገው ልጅ ይህን አታይም፤ የምታየው ቁጥሩን ነው።

ልጽፍ የነበረው ስለ ባንኩ ነበር። እስካሁንም የጻፍኩት ስለሱ ነው። ግን ከትናንት ጀምሮ ሌላ ነገር ነው ውስጤ የገባው።

ትናንት ዓሣ ልገዛ አሞራ ገደል ወረድኩ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ አሞራዎች፣ እንደ ልማዳቸው በሰው መሃል ይመላለሳሉ። ደላላው እዚያ አገኘኝ፤ ያው እኛን ከእትዬ ያገናኘን ሰውዬ ነው። ጎን ለጎን ቆመን ዓሣው እስኪገፈፍ ስንጠብቅ፣ እንደ ቀላል ወሬ አድርጎ ነገረኝ። አንድ ጥሬ ብር የያዘ ሰው ቤቱን አይቶታል። ከእኛ በላይ ይሰጣል። ብድር የለ፣ ሕግ ክፍል የለ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ገንዘብ ያለው ሰው ብሩን እጁ ላይ ማቆየት ይፈራል፤ ይህም ሰው ቤት ቢሆን፣ ቦታ ቢሆን ቶሎ ይዤ ልረፍ ባይ ነው። ለቀብዱም መላ አለኝ ብሏቸዋል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የተቀበለ ሰው እጥፉን መልሶ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ነው። በእኛና በእትዬ መካከል ደግሞ ከቀብድ ውሉ ሌላ የተፈረመ ነገር የለም። ሰውዬው እጥፉን እኔው እከፍላለሁ ብሏል።

«ታዲያ ምን አሉ?» አልኩት።

«እምቢ አሉ» አለኝ። «ለልጆች ቃል ሰጥቻለሁ አሉ። እኔም ለምኛቸው ነበር፣ አልደብቅሽም።»

መቼ ነው ስለው ባለፈው ሰኞ ነው አለኝ። ሰኞ! ረቡዕ እኮ አብረን ቡና ጠጥተናል። አንድ ቃል አልተነፈሱም። በየቀኑ ሲኒ የሚጠቀልሉት፣ ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ የሚፈልጉት፣ በር ላይ ያን ጥያቄ የጠየቁኝ፣ ይህን ሁሉ በልባቸው ይዘው ነው። ሊያስፈራሩኝ አልፈለጉም። ሊመጻደቁብኝም አልፈለጉም። እኔ ደግሞ ያን ዝምታ ጥርጣሬ አድርጌ ነበር የወሰድኩት።

ማታ ለባሌ ነገርኩት። እሱ ደስ አለው። «አየሽ፣ የጨዋ ልጅ ናቸው፣ አይለውጡንም» አለ። እኔ ግን ደስታው አልመጣልኝም። እኛ እሳቸውን በቃላቸው ይዘናቸዋል። ባንኩ ለእኛ የሰጠን ቃል ግን የለም። እሳቸው ያለ ሶፋ፣ ያለ መጋረጃ፣ ክረምቱን በዚያ በተሸከፈ ቤት የሚያሳልፉት ለማን ብለው ነው? ለእኔ ነው። ባንኩ ያዘገየውን ጊዜ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። ወለድ የሚባል ነገር እንኳ የላቸውም።

ሄጄ «እትዬ፣ ሰምቻለሁ። ከፈለጉ ለሰውየው ይሽጡለት፤ ቀብዳችንን ብቻ ይመልሱልን፣ እጥፉን አንፈልግም» ማለት ያለብኝ ይመስለኛል። ለባሌ ይህን ስለው ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «ልጆቹ ክፍላቸውን ተከፋፍለው ጨርሰዋል» አለኝ። እውነቱን ነው። ትንሿ አልጋዋ በየትኛው መስኮት በኩል እንደሚሆን በእርሳስ ሥላ ግድግዳችን ላይ ለጥፋዋለች። እኔም ያንን ቤት እወደዋለሁ። ጓሮውን እወደዋለሁ። በኪራይ ስንት ሰፈር ዞረን ነው እዚህ የደረስነው።

ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሜ እንዴት እንደምላቸው ስለማመደው ነበር። ይወጣልኛል። ቃሉም አይከብድም። የሚከብደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ለይሉኝታ «አይ ልጄ፣ እጠብቃለሁ» ቢሉኝ፣ ያንን ሰምቼ ተመስገን ብዬ ወደ ቤቴ ልመለስ ነው? እሺ ቢሉኝስ?