ለልጆቹ ክፍል ሰው ልቅጠር?

ነሐሴ ከገባ ጀምሮ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ይመላለሳል። የልጆቹን ክፍል የሚያስተካክልልኝ ሰው ከፍዬ ላምጣ ወይስ ይቅርብኝ? ሲሰሙት ቀላል ነው። ግን ሁለት ልጅ ይዘን፣ ሐዋሳ ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ ውስጥ እየኖርን፣ ሁለታችንም ጠዋት ወጥተን ማታ እየገባን፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ለእኔ ቀላል አልሆነም።

ተደራራቢ አልጋ አለ፣ ቁም ሳጥን አለ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ባልቆጥረው ይሻላል። ከታችኛው አልጋ ሥር ሻንጣውና ካርቶኑ ስለታጨቀ ማታ አጎበሩን ከፍራሹ ሥር ማስገባት ትግል ነው። እዚህ ከተማ የኖረ ይገባዋል። ሐይቁን እንወደዋለን፣ ትንኙን ደግሞ እንችለዋለን። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ ማታ ነክሳ ቀን ላይ ጨለም ያለ ጥግ ፈልጋ ነው የምታርፈው፤ የተንጠለጠለ ልብስና አልጋ ሥር የተከመረ ግሳንግስ ለእሷ ሆቴል ነው። መድኃኒት ያለው አጎበር ሦስት ዓመት ገደማ እንዲያገለግል ነው የሚሠራው። የእኛው ግን ከሻንጣ ዚፕ ጋር ሲጎተት ከርሞ ጎኑ ተቀዷል።

ሐሳቡን ያመጣችብኝ አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ ናት። ወጣቶች ቀጥራ የልጇን ክፍል አንድ ቀን ሙሉ አስለቅማ፣ በላስቲክ ሣጥን አስደርድራ፣ ፎቶውን ላከችልኝ። ቀናሁ፣ ምን እዋሻለሁ። እዚህም ሶፋና ምንጣፍ የሚያጥቡ ልጆች በቴሌግራም ሲያስተዋውቁ አይቼ ለአንዱ ደወልኩ። ለአንድ ክፍል 3,500 ብር አለኝ፣ “ማደራጀትንም ይጨምራል።” ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር የሚወስነው ማን እንደሆነ ጠየቅኩት። “እሱንማ እርስዎ ይነግሩናላ!” አለኝ። የጨነቀኝ ደግሞ እሱ ነበር።

ሌላው አማራጭ ተመላላሽ ሠራተኛ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ ወዲህ የቤት ሠራተኛ ጠፋ እያልን ስናማርር ነው የኖርነው። እውነቱን ለመናገር ወጣት ሴቶች መግቢያና መውጫ ሰዓቱ የታወቀ ሥራ ቢመርጡ አይፈረድባቸውም። በ2014 አጎዋ፣ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላክ ዕድሉ ማለቴ ነው፣ ሲቋረጥ ደግሞ ፋብሪካ የሚገቡት እነሱ ነበሩ የተጎዱት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011 ማለቴ ነው፣ የቤት ሠራተኛን አያካትትም፤ ለብቻው በደንብ ይወሰናል ብሎ ነው ያለፈው። ስለዚህ ክፍያውም ሰዓቱም ምሳውም በእያንዳንዳችን ህሊና ላይ ወድቋል። ይህን የማነሳው ባለቤቴ “ለዚህ ደግሞ ብር ይከፈላል እንዴ? ልጆቹ ያዝረከረኩትን ልጆቹ ያንሱት” ስላለኝ ነው። ጎንበስ ብሎ አንድ ክፍል ማውጣትና ማስገባት ሥራ ነው፣ ሥራ ከሆነ ይከፈልበታል። አማቴም ሰምተው “በእኛ ጊዜ…” ብለው ጀምረው ነበር። ቡና አቀረብኩላቸውና ወሬው ተቀየረ።

ብቻ እኛ ብሎክ ልብስ የሚያጥቡ አንድ እናት አሉ፣ ጨዋታ አዋቂ። መጥተው ክፍሉን እንዲያዩልኝና ዋጋ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ነጠላቸውን አጥብቀው አስረው በሩ ላይ ቆሙ። ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ።

“ይሄ የተጠቀለለው ፍራሽ የልጆቹ ነው?”

አይደለም፣ የእንግዳ ነው። የሐዋሳ ገብርኤል ሲነግሥ፣ ሐምሌ 19ም ታኅሣሥ 19ም፣ ዘመዱም የዘመድ ዘመዱም እኛ ጋ ነው የሚያርፈው። ፍራሹ ግን ዓመቱን ሙሉ ልጆቹ ጋ ነው የሚያድረው።

“ይሄ ካርቶንስ?”

የቴሌቪዥኑ ነው። ባዶውን ነው። ባለቤቴ ቤት ስንቀይር ያስፈልጋል ብሎ ያስቀመጠው።

“ይሄስ ሁሉ ወረቀት?”

እሱ የእኔ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ሞጁሎቼ። አንድ ቀን አነባቸዋለሁ።

ሻንጣውን ሲከፍቱት አክስቴ ከአሜሪካ ያመጣቻቸው ልብሶች ወጡ። ሲያድጉ ይለብሱታል ተብሎ የተቀመጠ ነው። ልጆቹ አድገው አለፉት፣ አንዳንዱ መለያው እንኳ አልተቆረጠም። ከሻንጣው ጀርባ የትንሹ የሕፃን አልጋ ተፈታቶ ቆሟል፤ ብሎኖቹ በሶክስ ውስጥ ናቸው። ፌስታል የሞላ ፌስታልም አለ። ፓርላማው በ2017 ፌስታል የሚከለክል አዋጅ ሲያጸድቅ እኛ ቤት ለትውልድ የሚበቃ ክምችት ነበረን።

ሴትየዋ ሻንጣውን ዘጉና ሳቅ አሉ። “ልጄ፣ ልጆቹማ ምን አላቸው? የእናንተን አውጥታችሁ ስትጨርሱ ጥሪኝ።”

ምንም ማለት አልቻልኩም። አስቡት፣ እሺ ቢሉኝ የቀን ገቢያቸው ነበር።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ልጆቹን ጠርቼ የየራሳችሁን ለዩ አልኳቸው። ቡናው ቶና ሳይደርስ ጨረሱ። ትልቋ ያለቁ ደብተሮቿን በሙሉ ለቆሎ ሻጯ ልስጥ አለች፣ ለመጠቅለያ ትፈልገዋለች ብላ፤ አንዱን ብቻ ሥዕል ስላለበት አስቀረች። ያጠራት የደንብ ልብስ ለጎረቤት ልጅ ይሁን አለች። ትንሹ ሐይቁ ዳር ካለው አሞራ ገደል የለቀማቸውን ጠጠሮች አልሰጥም ብሎ አለቀሰ፤ አንድ እፍኝ ጠጠር ነው፣ ይያዝ። አየር የሌላት ኳስም ቀረች። በቃ። የእነሱ ጣጣ ይሄው ነበር።

እኔ ነኝ የማልጨርሰው። እያንዳንዱ ዕቃ ሰጪ አለው። ብርድ ልብሱ የአማቴ ነው፣ ቢጠይቁኝስ? አልጋውን የገዛልን ወንድሜ ነው። የክርስትናው ልብስ ደግሞ የማን እንደሆነ እንኳ ባላውቅ እጄ አይጥለውም። ለይሉኝታ ሰው አይቀጠርም። ቀጥሬ ሥራ ብሄድና ስመለስ ሁሉ ወጥቶ ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር፣ በተለይ ካርቶኑ። ግን ባለቤቴም በተራው ሞጁሎቼን ያያል።

የሻንጣውን ነገር አማራጭ ስላጣሁ ለአክስቴ ደወልኩላት። አፌ ተያይዞብኝ፣ አክስቴ እንትን፣ ያ ልብስ፣ ምናምን ስል “እንዴ! እስካሁን ለሰው አልሰጠሽውም?” ብላ ጮኸችብኝ። ለካ እኔ ብቻ ነኝ የተጨነቅኩት። ልዋጭ ልጠራ ነበር፣ ተውኩት፤ በአሮጌ ልብስ ሦስት ሳፋ ቀይሬ ሳፋዎቹን የት ላስቀምጣቸው ነው? የተለበሰው ለሰፈር ሰው፣ አዲሱ ሰሞኑን ለወለደች ዘመዳችን ትልልቅ ልጆች ይሄዳል። አልጋውን ወንድሜን አስፈቅጄ ልሸጠው ነው። ብርድ ልብሱ ይቀራል፤ እሱ ላይ አልከራከርም።

ሰው መቅጠሩንም አልተውኩትም። እኛ መወሰን የሚገባንን ወስነን ስንጨርስ የሚቀረው ጉልበት የሚጠይቀው ነው፤ አልጋ ማንሳት፣ ግድግዳ መወልወል፣ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማውጣት፣ አዲሱን አጎበር መስቀል። ለእሱ ደግሞ የሶፋ አጣቢዎቹን 3,500 ብር አልከፍልም። ለሴትየዋ ለልብስ አጠባ ከምንከፍላቸው ትንሽ ጨመር አድርጌ 800 ብር ነገርኳቸው፣ ምሳ እኛ ጋ ነው። ለመጀመሪያው ቀን፣ መጥተው ላዩበት፣ የትራንስፖርት ብዬ የሰጠኋቸውን ብር ግን እዚያው ብሎክ ነው የምኖረው ብለው አልተቀበሉኝም።

ቅዳሜ ይመጣሉ። ወረቀቶቹን ዛሬ ማታ አያቸዋለሁ ብያለሁ፣ ባለቤቴም እኔ አንዱን ሞጁል ባወጣሁ ቁጥር ስለ ካርቶኑ እንደሚያስብበት ቃል ገብቷል።