ሁለት ስቴካ ገዛሁ፤ የጠቀመችኝ ሁለተኛዋ ናት

ፑል መጫወት የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ውስጥ በነበረች አንዲት ጠባብ ቤት ነው። ጠረጴዛው አንድ ነበር። ስቴካዎቹ፣ ኳስ የምንመታባቸው ረጃጅም ዘንጎች ማለቴ ነው፣ ስድስት። ከስድስቱ ቀጥ ያለችው አንዷ ብቻ ስለነበረች እሷን ለመያዝ ከትምህርት ቤት በሩጫ እንመጣ ነበር። የቀሩት ወይ ጎብጠዋል፣ ወይ ቲፓቸው አልቆ እንጨቱ ብቻ ቀርቷል። የተሸነፈ ሂሳብ ስለሚከፍል ስቴካ መምረጥ ለእኛ የኪስ ጉዳይ ነበር። ጠረጴዛው ላይ እናንከባልላታለን፣ አንድ ዓይናችንን ጨፍነን ከጫፍ እስከ ጫፍ እናያታለን። በቃ፣ ምርጫው ይሄው ነበር።

ለማያውቅ ሰው፦ ቲፕ የምንለው ስቴካዋ ጫፍ ላይ የምትለጠፈውን ትንሽ ክብ ቆዳ ነው። ነጯን ኳስ የሚነካት እሱ ብቻ ነው። ይህን ነገር ያኔ ጠለቅ ብዬ አስቤበት ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜና ብዙ ዶላር ይተርፈኝ ነበር።

አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ለጥቂት ዓመታት አልተጫወትኩም። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ነው። የሌሊት ፈረቃ እሠራ ስለነበር ጊዜም አልነበረኝም። ወደ ቀን ስዛወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሊግ ቡድናቸው ውስጥ አስገባኝ። ሊጉ በአሜሪካን ፑልፕሌየርስ አሶሴሽን ስር የሚካሄድ ነው። ሰዎቹ ኤፒኤ ይሉታል። ኤይት ቦል በሚባለው የፑል ዓይነት ተጫዋቾች ከ2 እስከ 7 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ደካማው ከጠንካራው ጋር እንዲወዳደር ማሸነፊያው በደረጃቸው ይስተካከላል። እኔ 3 ነበርኩ። በሰፈር ልጅነቴ ራሴን እንደ ጎበዝ ስለምቆጥር 3 መባሌ በጣም አንገበገበኝ።

ማታ ማታ ሌሎቹ የየራሳቸውን ቦርሳ ከፍተው ስቴካቸውን ሲገጣጥሙ አያለሁ። እኔ ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት የቤቱ ስቴካዎች አንዷን አንስቼ እገባለሁ። ችግሬ እሷ መሰለችኝ። ግማሹ እውነት ነበር፤ ግማሹ ግን አልነበረም።

የመጀመሪያዋን ስቴካ ያዘዝኩት ኢንተርኔት ላይ ነው። 70 ዶላር። መያዣዋ ላይ አንበሳ ተስሏል፤ በጣም ታምራለች። ክብደቷ 21 አውንስ ነው፣ ማለትም ወደ 600 ግራም ይጠጋል። ከባድ የመረጥኩት ኃይል ይጨምርልኛል ብዬ ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ቀስ ብዬ መምታት ስፈልግ ክብደቷ ክንዴን ይዞት ይሄዳል፤ ነጯ ካሰብኩበት አልፋ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ትቆማለች። ፑል ውስጥ ደግሞ ኳስ ከማስገባት ይልቅ ነጯን ለቀጣዩ ምት የሚመች ቦታ ላይ ማቆም ነው ከባዱ። ከአምስት ምት አራቱ ኃይል የሚጠይቁ አይደሉም።

በዚያ ላይ ክረምትና በጋ መኪናዬ የዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበር የማስቀምጣት። የቨርጂኒያ ሐምሌ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። እንጨት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይጣመማል። በሁለተኛው ዓመት ጠረጴዛ ላይ ሳንከባልላት ጫፏ ከፍ ዝቅ እያለ ይደንሳል። አሁን ስቴካዬ ከእኔ ጋር ወደ ቤት ትገባለች። ግድግዳም አላስደግፋትም፤ ወይ በቦርሳዋ ውስጥ ናት ወይ ቀጥ ብላ ማስቀመጫዋ ላይ።

በዚያው ቤት ዘወትር ማክሰኞ የሚመጡ አንድ የአገራችን ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ካራምቦላ የሚባለውን የቢሊያርድ ዓይነት የተጫወቱ ናቸው። እጃቸው ዛሬም አይንቀጠቀጥም። አንድ ቀን ምቴ ሲንሸራተት፣ ነጯም ወደ ጎን ስትፈናጠር አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ስቴካህን አምጣ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ቲፑን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት።

«ይሄ ድንጋይ ነው።»

«ጋሼ፣ ገና አዲስ እኮ ነው።»

«አዲስ ነው አሮጌ መች አልኩህ? ቾክ አይዝም ነው ያልኩህ።»

ቾክ ቲፑ እንዳይንሸራተት የሚቀባው ጠመኔ መሰል ነገር ነው። ከዚያ ነጯን ከጠረጴዛው ራስ በኩል መሐል ለመሐል አስቀመጡና «ቀጥ አድርገህ ማዶ ያለውን ጠርዝ ምታና ተመልሳ ስቴካህ ጫፍ ላይ ትምጣልህ» አሉኝ። መታሁ። ወደ ግራ ሄደች። ደገምኩ። አሁንም ግራ። የራሳቸውን ስቴካ ሰጡኝ። በእሷም ግራ። ነጯን መሐሏን የምመታ እየመሰለኝ ለካ ሁልጊዜ ጎኗን ነበር የምመታት። ያን ጊዜ በጣም ደነገጥኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳላውቀው ኖሬአለሁ።

«አንድ ወር ስቴካ እንዳትገዛ» አሉኝ። «መጀመሪያ እጅህን አስተካክል፤ አለዚያ የምትገዛውን ነገር አታውቀውም።»

ወሩን ሙሉ ያችን አንድ ምት መታሁ። ከሥራ መልስ ሃያ ደቂቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ስቴካ መምረጥ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ እስካሁን አላገኘሁም። እጅህ ካልረጋ ሁለት ስቴካ ብታወዳድር ልዩነቱ የስቴካው ይሁን የአንተ መለየት አትችልም።

ከዚያ በኋላ ነው ፍለጋ የጀመርኩት። ወደ ሱቅ ግን አልሄድኩም። ሊግ ላይ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ «አምስት ኳስ ልምታባት?» እያልኩ ጠየቅኳቸው። ፑል ተጫዋች ስለ ስቴካው ማውራት ስለሚወድ እምቢ ያለኝ የለም። ያየሁትን ስልኬ ላይ እጽፋለሁ።

ክብደቱ ቶሎ ለየልኝ። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ከ18 እስከ 21 አውንስ ናቸው። እኔ 19 ላይ ተረጋጋሁ፤ 540 ግራም ገደማ ነው። ደግሞ ብዙዎቹ ስቴካዎች መያዣቸው ውስጥ የሚቀየር የብረት ቡሎን ስላላቸው ክብደቱን በኋላ ማስተካከል ይቻላል። ስለዚህ በአንድ አውንስ መጨነቅ አያስፈልግም። ርዝመቱም 58 ኢንች፣ ማለትም 147 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእኔ ቁመት ምንም ችግር የለበትም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ሻፍቱ ነው፣ ማለትም ቀጭኑ የፊት ክፍል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጨዋታዬን የለወጠው ይሄ ነው።

ነጯን ከመሐል ወደ ግራ ብለህ ስትመታት ትሽከረከራለች። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ነጯ ካነጣጠርክበት መስመር ትንሽ ወደ ቀኝ ታፈነግጣለች። ምክንያቱ የስቴካዋ ጫፍ ክብደት ነው። ቲፑ ኳሷን ጎኗ ላይ ሲነካት ኳሷ ጫፉን ወደ ጎን ትገፋዋለች፤ ጫፉም በተራው እሷን ወደ ሌላው ጎን ይገፋታል። ጫፉ ከባድ ከሆነ ግፊቱ ይበዛል፣ ቀላል ከሆነ ያንሳል። ስለዚህ ነው አንዳንድ ሠሪዎች የሻፍቱን ጫፍ ከውስጥ የሚቦረቡሩት፣ ቀጠን አድርገውም የሚሠሩት። የድሮው የተለመደ ሻፍት ጫፉ 13 ሚሊ ሜትር ነው። አዲሶቹ 12.5፣ አንዳንዶቹ ደግሞ 12 እንኳን አይሞሉም።

ለማወዳደር ቀላል መንገድ ነበረኝ። አንድ ኳስ ከነጯ አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቄ አስቀምጣለሁ። ቀጥታ ወደ እሷ አነጣጥራለሁ፤ ከዚያ ስቴካዋን አነጣጠሩን ሳልለቅ ወደ ጎን ትይዩ አሸሽና ሞቅ አድርጌ እመታለሁ። በአንዳንዶቹ ነጯ ኳሷን ጫፏን ብቻ ነክታ ታልፋለች። በአንዳንዶቹ ደግሞ ሞላ አድርጋ ትመታታለች። እጁ ያው፣ ጠረጴዛው ያው፤ ልዩነቱ የሻፍቱ ነው።

የቤቱን ስቴካ ይዤ ለምን እንደማልሻሻል ያኔ ገባኝ። ማክሰኞ የያዝኳት ብዙ ታፈነግጣለች፣ ሐሙስ የያዝኳት ትንሽ። እጄ የቱን ይልመድ? የራስ ስቴካ ዋና ጥቅሟ ውድ መሆኗ ወይም ማማሯ አይደለም፤ ሁልጊዜ ያቺው መሆኗ ነው። ኳስ ሲስተኝ ምን እንዳጠፋሁ አውቃለሁ። የ60 ዶላርም ብትሆን ቀጥ ያለችና የማትቀየር ስቴካ፣ በየቀኑ ከምትለዋወጥ ምርጥ ስቴካ ትሻላለች።

ሁለተኛዋን ከሊጋችን ተጫዋች ገዛኋት። እሱ ሻፍቱን ወደ ካርቦን ፋይበር ሊቀይር ነበር። 280 ዶላር፤ 19 አውንስ፣ 12.5 ሚሊ ሜትር፣ ሻፍቷ ሜፕል የሚባል እንጨት። ከመክፈሌ በፊት ሻፍቷን ለብቻ፣ መያዣዋን ለብቻ፣ ከዚያም ገጥሜ አንከባለልኳት። ማንከባለል ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሻፍት ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ቀጥ ያለ ሆኖም ትንሽ ሊወዛወዝ ይችላል። መጨረሻ የሚፈርደው ዓይን ነው፣ እንደ ሰፈራችን። ሻፍቱ ላይ ጥፍሬን ከላይ እስከ ታች አስኬድኩ፤ ስርጉድ ካለ፣ ስቴካዋን ለማስደገፍ ጠረጴዛው ላይ ድልድይ በሠራው ጣት ላይ ሲያልፍ ይሰማል። መገጣጠሚያዋ ላላ የሚል ነገር እንደሌለው አየሁ። መያዣዋ በአይሪሽ ሊነን ክር የተጠቀለለ ነው። እጄ ስለሚያልበኝ ይሄ ተስማማኝ፤ እጁ የማያልበው ሰው ልሙጡን እንጨት ሊመርጥ ይችላል።

ስለ ካርቦኑ ከጠየቃችሁኝ፣ ሞክሬዋለሁ፤ ጥሩ ነው። አይጣመምም፣ በጨርቅ ጠረግ ሲያደርጉት ይጸዳል፣ ነጯም ብዙ አታፈነግጥም። ሻፍቱ ብቻውን ግን ከ500 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ድምፁንም አልወደድኩትም። የእንጨቱ ድምፅ ምን ያህል እንደመታሁ ይነግረኛል።

አሁን ደግሞ ማንም ያልነገረኝን ነገር ልንገራችሁ። አዲሷን ስቴካ ከገዛሁ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ባሰብኝ። ቀላል የሚባሉ ኳሶች ሁሉ ይስቱኛል። ልመልሳት አስቤ ነበር። ጋሼን አማከርኳቸው። «ድሮ ስቴካዋ ትዋሽህ ነበር፤ አንተም ውሸቷን ለምደህ አነጣጠርህን አጣመምክ። አሁን እሷ እውነቱን ስትነግርህ አንተ ገና ጠማማ ነህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የድሮዋ ብዙ ስለምታፈነግጥ ሳላውቀው እያካካስኩ ነበር የማነጣጥረው። ማካካሱን እስክተው ጊዜ ፈለገ። በሁለተኛው ወር ረጃጅም ኳሶች መግባት ጀመሩ። ከዓመት በኋላ ደረጃዬ 5 ሆነ። ሁሉንም የስቴካዋ ውለታ ነው አልልም፤ ያ የሃያ ደቂቃ ልምምድም አለበት።

ቲፑን ግን መጀመሪያ ነው የቀየርኩት። ከቀጫጭን የአሳማ ቆዳዎች ተደራርቦ የተሠራ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ቲፕ አስለጠፍኩ። ከነእጅ ዋጋው 35 ዶላር ነው። በጣም ለስላሳው ቶሎ ተጨፍልቆ እንደ እንጉዳይ ጎኑ ይወጣል። በጣም ጠንካራው ደግሞ የጋሼ ድንጋይ ነው። ቅርጹ አሜሪካ ውስጥ ያለው የአምስት ሳንቲም ዙሪያ እንዳለው ጎበጥ ያለ መሆን አለበት። ጠፍጣፋ ከሆነ ጎን ስትመታ በጠርዙ ነው የሚነካው፣ ይንሸራተታል። ሳንቲሙን ቲፑ አጠገብ አስጠግቼ ነው የማየው።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። ስቴካ ለብዙ ዘመን ጫፏ ባዶ እንጨት ነበረች። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ፍራንሷ ሜንጎ የሚባል የፈረንሳይ ጦር መኮንን እስር ቤት እያለ ቢሊያርድ ይጫወት ነበር፤ ቆዳውን ጫፏ ላይ በመለጠፍ ስሙ የሚነሳው እሱ ነው። ኳስን ወደ ኋላ መሳብና ማሽከርከር የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት ቾክም ቢሆን ተራ ጠመኔ አይደለም። አሜሪካውያኑ ዊሊያም ስፒንክስና ዊሊያም ሆስኪንስ በ1897 የባለቤትነት መብት ያወጡበት፣ የተፈጨ አሸዋማ ነገር ያለበት ቅልቅል ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ቾክ ሳልቀባ አንድም ምት አልመታም። ቾኩን ቲፑ ላይ እንደ ቁፋሮ ማሽከርከር ሳይሆን ፊቱን ሁሉ ቀባ ቀባ ማድረግ ነው።

መክፈቻውን፣ ኳሶቹን መበተኛውን ማለቴ ነው፣ አሁንም በቤቱ ስቴካ ነው የምመታው። ጠንካራው ምት የራሴን ቲፕ እንዲጨፈልቀው አልፈልግም። ለዚያ ተብለው የሚሠሩ ስቴካዎች አሉ፤ እኔ ግን አላስፈለገኝም።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ አሥር ቲፕ፣ ማጣበቂያ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ትንሽ ምላጭ ይዤ ነበር። የድሮዋ ፑል ቤት ተነስታለች፤ እዚያው መንገድ ላይ ሌላ ተከፍታለች። ባለቤቱን አስፈቅጄ ደጃፍ ላይ ባለ ዱካ ተቀመጥኩና ስቴካዎቹን አንድ በአንድ ሠራሁ። አሮጌውን ቆዳ መፋቅ፣ እንጨቱን ማስተካከል፣ አዲሱን ማጣበቅ፣ ጎኑን መቁረጥ፣ ከዚያ ማጎበጥ። አንዷ ስቴካ ግማሽ ሰዓት ያህል ትወስዳለች። ልጆቹ ዙሪያዬን ከበው ያያሉ።

አምስተኛዋን ስጨርስ አንዱ ልጅ ወስዶ ነጯን ከታች ብሎ መታት። ኳሷን አስገብታ ወደ ኋላ ተመልሳ መጣች። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ደግሞ መታ፤ አሁንም ተመለሰች። ቲፑን አገላብጦ አየው፣ በአውራ ጣቱም ጫን አለው።

መሽቶ ዕቃዬን ስሰበስብ ሌላ ትንሽ ልጅ ቤቱ ጥግ ተጥላ የነበረች፣ ቲፕ የሌላት ስቴካ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቺንስ?» አለኝ።

አምስት ቲፕ ቀርቶኝ ነበር። እንደገና ተቀመጥኩ።