0.8 ግራም ወርቅ እና የናይትሪክ ጣጣ

ባለፈው ቅዳሜ ከአሮጌ የኮምፒውተር ራም 0.8 ግራም ወርቅ አወጣሁ። ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። እኔ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይቻለሁ።

መጀመሪያው ቀላል ነበር። ራሙን ከምናለሽ ተራና ከሰፈራችን ቆራሌ ለቃቀምኩ። ወርቅ የተቀባውን ጥርሱን (ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካውን ጠርዝ) ብቻ ቆርጬ 300 ግራም ሲሞላልኝ፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ፋርማሲ የሚሸጠው 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ከሥሩ ያለው መዳብ ሲሟሟ ፈሳሹ አረንጓዴ ሆነ፤ ወርቁም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላቀቀ። እዚህ ድረስ ማንም ይደርሳል።

ጣጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ልጣጩን በሃይድሮክሎሪክና በናይትሪክ አሲድ አሟሟሁት። ወርቁን ከፈሳሹ ለይቶ እንደ ዱቄት ወደ ታች ለማውረድ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ጨመርኩ። ምንም የለም። ደግሜ ጨመርኩ። ቡናማ ነገር ብቅ ይልና ዓይኔ እያየ ይጠፋል። አንዱን ብርጭቆማ «ይሄ ወርቅ የለውም» ብዬ ደፋሁት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ናይትሪኩን «ቢበዛ ምን ይጎዳል» ብዬ ነበር የገለበጥኩት። የተረፈው ናይትሪክ ደግሞ የወረደውን ወርቅ መልሶ ያሟሟዋል። «ዩሪያ ጨምርበት» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አትስሟቸው። እኔ ሰምቼ ቀኑን ሙሉ ማዳበሪያ ሳማስል ዋልኩ። አረፋ ብቻ! ናይትሪኩን የገደለልኝ ሰልፋሚክ አሲድ ነው። አሁን ናይትሪክ የምጨምረው በጠብታ ነው።

ሌላው ባለውለታዬ ስታነስ ክሎራይድ ነው፤ ቆርቆሮ (የቤት ክዳኑ ሳይሆን ቲን የሚባለው) በሃይድሮክሎሪክ ሲሟሟ ማለት ነው። አንድ ጠብታ ከፈሳሹ ጋር ስታገናኙት ወደ ወይን ጠጅ ከጠቆረ ወርቅ አለ። ያለ እሱ መሥራት ወጡን ሳይቀምሱ ማውጣት ነው። ያንን ብርጭቆ ከመድፋቴ በፊት ባውቀው ኖሮ!

የወረደው ዱቄት ቡና ይመስላል እንጂ ወርቅ አይመስልም። አንድ አንጥረኛ በቦራክስ (ማቅለጫ ጨው) አቅልጦልኝ ነው ቢጫነቱን ያየሁት።

የኮምፒውተር ቦርዱን አቃጥለው አመዱን የሚያጥቡ ሰዎች ግን ያናድዱኛል። ጢሱ መርዝ ነው፤ እርሳሱም ከአመዱ ጋር ይቀራል። እኔም ብሆን ጻድቅ አይደለሁም። የመጀመሪያውን ማሟሟት የሠራሁት ማድቤት ውስጥ ነው። ቡናማው ጋዝ ሲነሳ ሮጬ ወጣሁ፣ ሦስት ቀን ሳልኩ፣ የእናቴ ድስት ክዳኖችም ዛጉ። አሁን ግቢ ውስጥ፣ ንፋሱን ከኋላዬ አድርጌ ነው የምሠራው።

ትርፉን አትጠይቁኝ። መዳቡን ብረት ከትቼበት አወረድኩት፤ የቀረው ፈሳሽ ሁለት ጀሪካን ሙሉ ደረጃ ሥር ተቀምጧል። እማዬ በየቀኑ «ይሄ ነገር መቼ ነው የሚወጣው?» ትለኛለች።